ጄምስ ብሩስ «ዚምብ» ያላት ዝንብ፤ በአትባራና በስናር የግጦሽ ምድር ስለምትገኘው ተናካሽ ዝንብ ማንነት

ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተወላጅ መንገደኛ በ1769 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፥ ከሁለት ዓመት በላይ በአገሩ ከቈየ በኋላ፥ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በራስ ፊል፥ በአትባራና በስናር በኩል ወደ ግብፅ ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያየውንና የሰማውን በ1790 በአምስት ቅጾች ባሳተመ ጊዜ የነገሥታቱ ታሪክና የዓባይ ምንጭ ነገር የአንባቢውን ሁሉ ዐይን ሳበ። ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ግን ረጅም ክርክር የተወላቸው ስለ አንዲት ዝንብ የጻፈው ነው። ዝንቧን «ዚምብ» ብሎ ጠራት፤ ሥዕሏንም ከመጠኗ አግንኖ አሳተመ። ከእርሱ በፊት አንድም የተፈጥሮ ሊቅ መልኳን እንዳልጻፈ ተናገረ።

የብሩስ ቃል በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ዝንቧ ከንብ ጥቂት ትበልጣለች፤ ሰውነቷም ከንብ ይልቅ ደንደን ያለ ነው። ክንፎቿ ሰፋፊ ናቸው፤ እንደ ስስ ሻሽ የጠሩ፥ ቀለምም ነጥብም የሌለባቸው፥ አንዱ ከሌላው ተለያይቶ የሚቀመጥ ነው። ራሷ ትልቅ ነው። ከላይኛው ከንፈሯ የኢንች ሩብ ያህል ርዝመት ያለው አንድ ጠንካራ ሹል ጠጕር፥ ከታችኛው ደግሞ ሁለት እንደዚያው ያሉ ጠጕሮች ወጥተዋል፤ ሦስቱ በአንድነት ሲጋጠሙ በጣት ቢነኳቸው እንደ አሳማ ጠጕር ይከረክራሉ። እግሮቿ በውስጥ በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው፤ ሁለንተናዋም ቡናማ ጠጕር ለብሷል። የምትገኘው በጥቍር ዋልካ ምድር ላይ ብቻ፥ ያውም በዝናም ወራት ነው። ድምፅዋ የተሰማ እንደ ሆነ ከብቱ ሁሉ ሣሩን ትቶ በሜዳው ላይ ይበረግጋል፤ በድካም፥ በድንጋጤና በረኃብ እስኪሞትም ድረስ ይሮጣል። መድኀኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከብቱን ይዞ ከጥቍሩ አፈር ወጥቶ ወደ አትባራ አሸዋ መውረድና ዝናሙ እስኪያልፍ በዚያ መቈየት። ግመል እንኳ ከነወፍራም ቆዳው ይህችን ዝንብ አይችላትም፤ አንድ ጊዜ ከተነከሰ ሰውነቱ፥ ራሱና እግሩ ያብጣል፥ ይፈነዳል፥ ይመግላል። ከምድሩ ሊሸሹ የማይችሉት ዝሆንና አውራሪስ ደግሞ በጭቃ ይንከባለላሉ፤ ጭቃውም ሲደርቅ እንደ ጥሩር ይሆንላቸዋል።

ብሩስ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ብዙዎች ቃሉን ሳያምኑ ቀርተዋል፤ ይልቁንም ሰው ከቁም ከብት ሥጋ ቈርጦ ሲበላ አየሁ ያለው ነገር መሣቂያ አድርጎት ነበር። ስለ ዝንቧ የጻፈው ግን የሚናቅ አይደለም። የ1772ን የዝናም ወራት በስናር አሳልፏልና ስለ ወቅቱና ስለ አፈሩ የተናገረው ከቦታው ጋራ ይስማማል። በዚያች ከተማ ፈረስም፥ በቅሎም፥ ውሻም፥ በግም ከአንድ ክረምት በላይ እንደማይኖር፥ ሼክ አድላን የተባለውም ሹም ፈረሶቹን ከከተማው ውጭ በአሸዋማ ስፍራ ያኖር እንደ ነበር ጽፏል። ችግሩ ያለው ባየው ነገር ላይ ሳይሆን በሰጣት ስም ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «ዚምብ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ብዙ አይቸገርም። ቃሉ ዝንብ ነው፤ ሲነገር ነው ነ ወደ መ የሚያደላው። በማዕድ ላይ የምታርፈውም፥ የከብት ዐይን የምትከበውም፥ በፈረስ ጀርባ ላይ ደም የምትመጠውም ሁሉ ዝንብ ትባላለች፤ መለየት ሲያስፈልግ ተናካሽ ዝንብ፥ የከብት ዝንብ፥ የቆላ ዝንብ እየተባለ ቅጽል ይጨመርባታል። ቃሉ ከዕብራይስጡ ዝቡብ ጋራ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ ዓረብኛውም ዙባብ ይለዋል፤ በሦስቱም ቋንቋዎች የወገን ስም እንጂ የአንዲት ዓይነት ስም አይደለም። እንግዲህ ብሩስ የአንዲት የተለየች ዝንብ መጠሪያ አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረው ስም፥ ለባለ አገሩ ዝንብ ማለት ብቻ ነበረ። ቃሉም በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ውስጥ ገብቶ፥ በኢትዮጵያ የምትገኝ ከብት ገዳይ ዝንብ ስም ነው ተብሎ ሲተረጐም ኖረ።

«ጸልጸልያ» ብሎ የጻፈው ሁለተኛው ስም ከዚህ የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል። ብሩስ ይህ የዝንቧ እውነተኛ የግዕዝ ስም ነው ይላል። በግዕዝ መጻሕፍት ዘንድ የታወቀው ቃል ጽንጽንያ ሲሆን፥ ይህም ዝንብ ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት በግብፅ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች አራተኛውን የግሪኩ ትርጕም «የውሻ ዝንብ» ስላለው፥ የግዕዙም ትርጕም ተከትሎ ጽንጽንያ ከልብ ብሎታል። ለ እና ነ በእንዲህ ያለው ድርብ ሥር ውስጥ ሲወራረሱ መታየታቸው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በማሕሌት የሚያዘው ጸናጽል በዕብራይስጥ ዘመዱ በለ ሁለት ጊዜ የሚነገር ነውና። ስለዚህ ብሩስ የሰማው ወይም ያነበበው ቃል ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህም ስም ድምፅን የሚገልጽ የወገን ስም ነው፤ የሚያጮኸውን፥ የሚንሿሿውን ክንፍ ያመለክታል። በነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር በተነገረው ውስጥ ይኸው ሥር ከክንፍ ጋራ ተጣምሮ ስለሚገኝ፥ አንዳንድ ተርጓሚዎች የዝንብ ምድር ማለት ነው ብለዋል፤ ሌሎች ደግሞ የአንበጣ፥ የግሪኩ ትርጕም የመርከብ ክንፍ አድርገውታል። ብሩስ ራሱ የጠቀሰው የዚሁን ነቢይ 7ኛ ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ከግብፅ ወንዞች ዳርቻ የምትጠራ ዝንብ ተነሥታለችና ከርሱ በፊት የዚምብን ነገር ያወቀ ኢሳይያስ ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ይህ አባባል ለስብከት ቢያምርም ለዝንቧ መታወቂያ አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የግሪኮች ምስክርነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው አጋታርኪደስ የጻፈውን ተከትለው ዲዮዶሮስና ስትራቦን በአስታቦራስ፥ ማለት በአትባራ ወንዝ አጠገብ ስለሚኖሩ ሥር በሊዎች ስለሚባሉ ሕዝቦች ይናገራሉ። አንበሶች ከበረሓ ወጥተው ሰዎቹን ይፈጁ ነበር፤ የውሻ ኮከብ በሚወጣበት ወራት ግን ታላላቅ ተናካሽ ትንኞች ይነሡና አንበሶቹን ከአገሩ ያባርሯቸዋል። የውሻ ኮከብ መውጣት የሚውለው በክረምቱ ውስጥ ነው። ቦታው፥ ወራቱና የአውሬው ሽሽት ብሩስ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ከጻፈው ጋራ ይገጥማል። ግሪኮቹ ግን ነፍሳቱን በብዙ ቍጥር ነው የጠሯቸው፤ አንዲት ዝንብ ነች አላሉም።

በብሩስና ባሁኑ ዘመን ዕውቀት መካከል የቆመው ትልቁ ስሕተት የተፈጠረው በ1850 በለንደን ነው። ፍራንክ ቫርደን የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መኰንንና አዳኝ ከደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ወገን «ጸጸ» የምትባለውን ዝንብ ይዞ ተመልሶ ነበር። ጆን ኦባድያ ዌስትውድ የተባለው የነፍሳት ሊቅ ያችን ዝንብ መርምሮ ግሎሲና ሞርሲታንስ የሚል የሳይንስ ስም አወጣላት፤ ግሎሲና የሚለውን የወገን ስም ግን ጀርመናዊው ቪዴማን አስቀድሞ በ1830 ሰጥቶት ነበር። የዌስትውድ ድርሰት ርእስ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል፤ በአፍሪካ ጸጸ፥ ዚምብና ጸልጸልያ ተብለው ስለሚታወቁት አጥፊ ዝንቦች፥ ከግብፅም አራተኛ መቅሠፍት ጋራ አላቸው ስለሚባለው ግንኙነት የሚል ነው። በእጁ የነበረው የደቡቡ ዝንብ ነው፤ ስለ ሰሜኑ ያለው ማስረጃ የብሩስ ጽሑፍና ሥዕል ነው። ሆኖም ሦስቱ ስሞች በአንድ ርእስ ሥር ተሰለፉ። ሰባት ዓመት ቈይቶ በ1857 ሊቪንግስተን የጕዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ጸጸ በአውሮፓ ሁሉ ታወቀች፤ ከዚያ ወዲህ የብሩስን ዚምብ የሚያነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ በጸጸ በኩል ነው ያነበባት።

እንግዲህ የብሩስን ቃል ከዝንቦቹ አካል ጋራ በቀጥታ ማመሳከር ይገባል።

መጀመሪያ ክንፍ። ጸጸ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ ስለት አንዱን በአንዱ ላይ ትደራርባለች፤ ከሩቅ የሚያያት ሰው አንድ ክንፍ ብቻ ያላት ይመስለዋል። ሌሎቹ ደም መጣጭ ዝንቦች ግን ክንፋቸውን ወደ ጎንና ወደ ጎን ከፍተው፥ ወይም እንደ ጣራ ክዳን አዘቅዝቀው ይቀመጣሉ። ብሩስ ክንፎቿ ተለያይተው ይቀመጣሉ ማለቱ ከሁሉ የሚበልጥ ምልክት ነው። በጸጸ ክንፍ መካከል ደግሞ በሥሮቹ የተከበበ፥ የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል አለ፤ ዛሬም ተማሪ ሁሉ ጸጸን የሚለየው በዚህ ነው። ብሩስ ይህን ስላልጠቀሰ ክፍሉ የለም ማለት አይቻልም፤ በዐይን ብቻ የሚመለከት ሰው ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛ አፍ። ከላይ አንድ ከታች ሁለት ሹል ጠጕር የሚለው አነጋገር ለጸጸ ወገን የሚረዳ አንድ ምክንያት ይመስላል፤ የጸጸ መውጊያ ቀጭን ሆኖ ከግራና ከቀኝ በሁለት ረዣዥም መዳሰሻዎች ታቅፎ ስለሚገኝ፥ መዳሰሻዎቹ ሲከፈቱ ሦስት ጠጕር ያህላሉና። ዌስትውድን የሚከተሉ ሰዎች ሊያነሡት የሚገባቸው ምርጥ ነጥብ ይህ ነው። ነገር ግን ታባኑስ በሚባለው ወገን ያለችው ትልቅ የከብት ዝንብም አፏ ሲበታተን ብዙ ስለት ሆኖ ይታያል፤ ቆዳን የምትከፍተው እንደ ጸጸ በቀጭን መርፌ ወግታ ሳይሆን እንደ ቢላዋ ቀድዳ ነው። ደሙም ዝንቧ ከሄደች በኋላ ይፈሳል።

ሦስተኛ ጠባይ። ብሩስ ፈጣን እንቅስቃሴዋን በእንግሊዝ አገር ከብት ከምታባርረው ዝንብ ጋራ ያመሳስለዋል። እዚህም ላይ የስም ነገር ይመጣል፤ ያ የእንግሊዝኛ ስም እንደ አማርኛው ዝንብ ሰፊ ባይሆንም ሁለት የተለያዩ ወገኖችን ይይዛል። አንደኛው ደም የምትመጠው የታባኑስ ወገን ናት። ሁለተኛው ፈጽሞ የማትነክሰው፥ ዕንቍላሏን በከብቱ ጠጕር ላይ የምትጥለው፥ ትሏም ከቆዳው ሥር ወይም በሆዱ ውስጥ የሚያድገው ዝንብ ናት። ከብት ሁለቱንም ሲሰማ ጅራቱን አቁሞ ይሮጣል። የብሩስ ዝንብ መውጊያ ስላላት ሁለተኛዋ አይደለችም። ጸጸ እንዳልሆነች ደግሞ ከሊቪንግስተን የበለጠ ምስክር አያስፈልግም፤ ጸጸ በሬን ስትነክሰው ያቺ ከብት አባራሪ ዝንብ እንደምታስደነግጠው አታስደነግጠውም ሲል ራሱ ጽፏል። የጸጸ ክፋት በንክሻው ሰዓት አይታወቅም፤ ከብቱ ቈይቶ ይከሳል፥ ዐይኑና አፍንጫው ያነባል፥ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይሞታል። ብሩስ ያየው ከብት ግን ድምፅዋን ሰምቶ ነው የሮጠው።

አራተኛ ቦታና ወራት። ጸጸ የጥላ ፍጥረት ናት። ሞቃት በሆነ የወንዝ ዳር ጫካና ቍጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች፤ ዕንቍላል አትጥልም፥ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንድ ያደገ ትል ብቻ ትወልዳለች፤ ስለዚህ በአንድ ወራት ተነሥታ ሜዳን አትሞላም። ዛፍ የሌለበት የአትባራና የስናር ጥቍር ሜዳ መኖሪያዋ አይደለም። የታባኑስ ወገን ግን ዕንቍላሏን በውሃና በጭቃ አጠገብ ባለ ቅጠል ላይ በመቶ የሚቈጠር አድርጋ ትጥላለች፤ ትሎቹ በረግረግ ውስጥ ያድጋሉ። ዋልካ አፈር በጋ ላይ ይሰነጠቃል፥ ዝናም ሲወርድ ውሃውን ይይዛል እንጂ አያሳልፍም፤ አሸዋ ግን ወዲያው ይመጠዋል። ዝንቧ ከጥቍሩ አፈር አልፋ አትከተልም የተባለው ነገር እንደ ተረት ሲታይ የቈየው ይህ ስላልተስተዋለ ነው።

በነዚህ ምልክቶች መሠረት ብሩስ የገለጻት ዝንብ ከታባኑስ ቤተ ሰብ መሆኗ አያጠራጥርም። ከዚህ አልፎ ይህች ዓይነት ናት ብሎ ስም መቍረጥ ግን አያስፈልግም፤ ምናልባትም አይገባም። ምክንያቱ ከብሩስ በኋላ በዚያው አገር የተጓዘው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር የ1861ን ዝናም በአትባራ ወንዝ ላይ ሶፊ በምትባል ስፍራ ተቀምጦ ሲያሳልፍ፥ ዓረቦች «ሰሩት» የሚሏት ዝንብ መጥታ ግመሎችን ስታሠቃይ፥ ቀጭኔዎችንም ወደ ሰሜን ስታባርር ተመለከተ። የርሱ ዝንብ የተርብ ያህል ናት፤ ሰውነቷ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቍርና ነጭ ቀለበት አለበት፤ መውጊያዋም የገላዋን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህላል። ብሩስ ካየው ቡናማ ዝንብ ጋራ መልኳ አይገጥምም፤ ረጅሙ አፏ ዛሬ ፊሎሊኬ፥ ቀድሞ ፓንጎኒያ ይባል ወደ ነበረው ወገን ያዘነብላል። ሆኖም አገሩ አንድ፥ ወራቱ አንድ፥ ከብቱ የሚሸሽበት መንገድ አንድ ነው። ለእረኛው ሰሩት ማለት በዝናም ወራት በጥቍር አፈር ላይ እየተነሣች ከብት የምታባርር ዝንብ ሁሉ ናት። በዚህ ስም ሥር ክንፏ የጠራው ታባኑስም፥ ክንፏ ጥቍር ጥብጣብ የሚመስለው ክሪሶፕስም፥ አመድማና ዝንጕርጕር ክንፍ ያላት ሄማቶፖታም ሊገቡ ይችላሉ። ነካሾቹ በሁሉም እንስቶቹ ብቻ ናቸው፤ ወንዶቹ የአበባ ማር ይቀምሳሉ። በጸጸ ዘንድ ግን ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ።

ይህን የእረኞች አከፋፈል አውሮፓውያን ተጓዦች እንደ ዕውቀት ጕድለት ነው የቈጠሩት። ለመንጋ ጠባቂ ግን የክንፍ ሥር መቍጠር ሳይሆን መቼ መነሣት፥ ወዴትስ መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ስም ነው የሚያስፈልገው። የእረኛውም ስም ይህን በትክክል ይናገራል። ስሕተቱ የመጣው የወቅትና የአፈር ስም የሆነውን ቃል ወስደው በአንዲት መርፌ በተሰካች ዝንብ ላይ ሊለጥፉት በፈለጉ ጊዜ ነው።

የበሽታው ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በ1880 ግሪፊዝ ኤቫንስ የሚባል የእንስሳት ሐኪም በፑንጃብ፥ «ሱራ» በሚባል በሽታ በሚያልቁ ፈረሶችና ግመሎች ደም ውስጥ አንድ ተንቀሳቃሽ ጥቃቅን ሕይወት አገኘ፤ ይህ በስሙ ትሪፓኖሶማ ኤቫንሲ ተባለ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1895 ሌላው ብሩስ፥ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ፥ በዙሉላንድ የከብቱ በሽታ የሚመጣው ከዚህ ዘመድ በሆነ ሕዋስ መሆኑን፥ ይህንንም ጸጸ እንደምታስተላልፈው አሳየ። ሁለቱ በሽታዎች የሚመሳሰሉ ቢሆኑም የሚጓዙበት መንገድ የተለየ ነው። በጸጸ ዘንድ ሕዋሱ በዝንቧ ውስጥ ያድጋል፥ ይራባል፤ ዝንቧም እስክትሞት በሽታውን ታስተላልፋለች። ሱራን ግን የታባኑስ ወገን የሚያስተላልፉት እንደ ቈሻሻ መርፌ ሆነው ነው። ንክሻቸው የሚያም ስለ ሆነ ግመሉ ያባርራቸዋል፤ ዝንቧም አፏ በደም እንደ ረጠበ ጥማቷን ለመጨረስ አጠገቡ ወዳለው ግመል ትሻገራለች። ደሙ ሳይደርቅ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነገሩ ይፈጸማል። መንጋው በተጠጋጋ መጠን በሽታው ይበረታል። ስለዚህ ግመል ያለ ጸጸ በትሪፓኖሶማ ሊሞት ይችላል፤ የአትባራም ግመሎች አደጋ ይህ ነበረ ማለት ከማስረጃው ጋራ ይስማማል።

ብሩስ የጻፈውን እብጠት፥ መግልና ሞት ሁሉ ግን ለሱራ መስጠት አይገባም። ንክሻው በራሱ ያቈስላል፥ በቍስሉ ላይ ሌሎች ዝንቦች ትላቸውን ይጥላሉ። የስናር ፈረሶችም በዝናም ወራት መሞታቸው ምናልባት ከሌላ ምንጭ ነው፤ በአፍሪካ የታወቀውን የፈረስ መቅሠፍት የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን፥ የሚያስተላልፉትም በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች እንደ ሆኑ በ1944 በደቡብ አፍሪካ ተረጋግጧል። ብሩስ ራሱ የስናርን ከብት ሞት በአፈሩ ላይ ነው ያላከከው፤ ከዝንቧ ጋራ አንድ ያደረጉት በኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ጸጸ የለችም ማለት ግን አይደለም። የቆላ ዝንብ የምትባለው እርሷ ናት፤ ከብት የምታስይዘውም በሽታ ገንዲ ይባላል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላዎች፥ በዓባይና በዴዴሳ ሸለቆዎች፥ በባሮ፥ በጊቤና በኦሞ ወንዞች ዳር አምስት ዓይነቶች ተገኝተዋል፤ ላንግሪጅ የተባለው ተመራማሪ በ1976 ባቀረበው ጥናት ሥርጭታቸውን ዘርዝሯል። በ1967 ደግሞ በጋምቤላ ወገን የሰው የእንቅልፍ በሽታ መኖሩ ታወቀ። ጠቃሚው ነገር በነዚህ ቆላዎች የሚኖረው ሕዝብ ከብቱን ወደ ደጋ ማውጣቱ ነው፤ የአትባራው ሰው ግን ወደ አሸዋ ይወርዳል። አንዱ ብርዱን፥ ሌላው ደረቁን መሬት ይሸሸግበታል። ሁለቱ ሽሽቶች የተለያዩ ዝንቦችን የሚያመለክቱ መሆናቸውን ዌስትውድ ቢያስተውል ኖሮ ሦስቱን ስሞች በአንድ ርእስ ባልጠቀለላቸው ነበር። ነገሩን የሚያወሳስበው አንዱ የገንዲ አምጪ ሕዋስ፥ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ፥ እንደ ሱራ በታባኑስና በስቶሞክሲስ ዝንቦች አፍ መተላለፍ መቻሉ ነው፤ በጣና ዙሪያ እንዳለው ጸጸ በማትደርስበት ደጋማ አገር በከብት ላይ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ገንዲ ባለበት ሁሉ ጸጸ አለች ብሎ መደምደም ዛሬም አያስኬድም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት ጸጸን ለማጥፋት በአፍሪካ ብዙ ቦታ ቍጥቋጦ ተመንጥሯል፥ የዱር አራዊት ተገድለዋል፤ በኋላም ወጥመድና የመከኑ ወንዶች ዝንቦች ተለቀዋል። ጸጸ ጥቂት ስለምትወልድና ጥላ ስለምትወድ ይህ ሁሉ ሊጐዳት ይችላል። በጭቃ ውስጥ በመቶ ለምትራባው ለጥቍር አፈሩ ዝንብ ግን ቍጥቋጦ መመንጠር ምንም አያደርጋትም። ለርሷ የታወቀው ጥንታዊ መከላከያ መንቀሳቀስ ነው። የሱዳን ባጋራ ከብት አርቢዎች ዝናም ሲጀምር ጭቃውንና ዝንቡን ትተው ወደ ሰሜን አሸዋማ ምድር ይወጣሉ፥ በበጋ ወደ ደቡብ ወንዞች ይመለሳሉ፤ የስናርን ምድር የያዙት ሩፋዓዎችም እንደዚሁ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳሉ። ከሩቅ የሚመለከታቸው አስተዳዳሪ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይወዱ ዘላኖች አድርጎ ጽፏቸዋል። ብሩስ ግን በዚህ አንድ ነገር ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ጕዟቸው በዝንቡና በአፈሩ የተወሰነ መሆኑን ተረድቶ መዝግቦታል።

ብሩስ ያለፈበት ጥቍር ምድር መልኩን ለውጧል። በ1925 የስናር ግድብ ተሠርቶ የገዚራ ሜዳ በቦይ የሚጠጣ የጥጥ እርሻ ሆነ። በአትባራ ወንዝም ላይ በኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተሠርቶ፥ በአስዋን ውሃ አገራቸው የተጥለቀለቀባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን በ1964 በዚያ መስፈር ጀመሩ፤ የሹክሪያ አርቢዎች ከብትና ግመል ያሰማሩበት ከነበረው የቡታና ምድር ከፊሉ በእርሻ ተያዘ። በሰቲት ሑመራና በመተማ በኩልም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። ዝናም ሲመጣ መንጋው ዛሬም ከዋልካው መውጣት አለበት፤ የሚወጣበት መንገድ ግን በቦይና በአዝመራ መካከል ያልፋል።